አራተኛው አጥር

ሦስቱ ጎን ግንብ ነው፣ ድንጋይ በኖራ፤
አራተኛው ጣና፤
አጥር አልተሠራ።
«ውኃው ይጠብቃል» ብሎ ነው አሉ መሐንዲሱ፤
ዋና የማይችል ሰው መሆን አለበት እሱ።

ባሕር ዳር «እብድ ግቢ» ትለው ነበረ፤
አባቴ በሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አደረ።
ዘበኛ ነው፤ ስሙ አትርሳው፤
ከቁልፍ ዘለላ ጋር የሚተኛው፣
ከቁልፍ ዘለላ ጋር የሚነሣው።

ከሐኪም ቤቱ በፊት
ጣልያን ለበቅሎዎቹ ገብስ ያከማችበት ነበር አሉ፤
ክረምት ሲገባ ከግንቡ ስንጥቅ ቡቃያ ይወጣል።
ሕሙማኑ እየነቀሉ እሸት ሲበሉ ሐኪሙ አይቶ አለፈ፤
በካርዳቸው ላይም «የምግብ ፍላጎት ጥሩ» ብሎ ጻፈ።

በታንኳ መጡ፤ በኤንትሬ፣ ጭነት ላይ፤
ከጸበል የተመለሱ፣ ብረት ቁርጭምጭሚታቸውን የላጣቸው፣
አባት እንደ ነዶ አሥሮ ያመጣቸው፣
ወንድም ለርስት ሲል ያሳበዳቸው።

መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ብል ያልበላው እንዲህ ይላል፦
ያረጋል ፈንቴ፣ ከአዴት፦ ከዝናብ ጋር ይጣላል።
ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ከደራ፦ የሞተ ልጇን ታዝላለች።
(ትራስ ነው። እንዳትቀማ።)
ስሙ ያልታወቀ ወታደር፦ ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲጮኹበት ይሰለፋል።
እንጉዳይ በላይ፣ ከደቅ ደሴት፦ አትናገርም።

ከዋንዛው ወዲያ ዘመድ ያልጠየቃቸው ተኝተዋል።
በየራስጌያቸው አባቴ ማንጎ ተከለ፤
ከተማው ፍሬውን ገዝቶ «ይጣፍጣል» አለ።
ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም፤
ዘመዶቻቸውም አልጠየቁ።

እንጉዳይ አትናገርም።
ለእጅሽ ሥራ ብለው ደንገል ሰጧት፣ ምንጣፍ እንድትሠራ፤
ስትሠራ ዋለች፣ ስትሠራ ከረመች፣ ከማንም ሳታወራ።
ነርሷ «መሻሻል አለ» አለች።
ምንጣፉ ግን ወፈረ፤ ጫፉም ሽቅብ ቀና፤
ያስተዋለ የለም፣
ከሹማምንቱ ሐይቅ ዳር የተወለደ የለምና።

አባቴ የተወለደው ቁንዝላ ነው።

የጥቅምት ጨረቃ፤ ጉማሬ ሲያናፋ፤
በአራተኛው በኩል አንድ ምንጣፍ ጠፋ።
ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ነበረ፤
በጥርሱ እንደ ነከሰው ቀረ።

ጠዋት ጸሐፊው አልገባም፤ መዝገቡን አባቴ ገለጠው፤
የቄስ ትምህርት ቤት ፊደሉን
እንደ ካብ ድንጋይ አንድ በአንድ እያስቀመጠው።
ጠፋች ቢል ይታሰራል፤
ወጣች ቢል «ማን ከፈተ» ይባላል።
እንጉዳይ በላይ፦ ዳነች።
ሐኪሙ ቀና ሳይል ፈረመ።
ለጎደለው ደንገል ግን
ከአባቴ ደመወዝ ሦስት ብር ተቀነሰ።

ኋላ ጦር ሰፈረበት፤ ሕሙማኑን በአንድ አውቶቡስ ወደ ሸዋ ጫኗቸው።
ሻምበሉ ሲጮህ ያ ስም የለሹ ወታደር ቀድሞ ተሰለፈ፤
የቀሩት እሱን እያዩ ተከተሉ።
ማን እንደ ደረሰ መዝገቡ አልጻፈ።

ዛሬ ግቢው የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ ነው።
ሕሙማኑ ጧት ጧት ክብ ሠርተው በተነዱበት ሜዳ
ጎረምሶች በበርሜል መሐል ወደኋላ ይነዳሉ፤
አሠልጣኙ ይቆጣል፦ «ኋላህን እይ! መስታወቱን! ኋላህን!»
ገብሱ አሁንም ይበቅላል። ፍየል ትበላዋለች።
ከማንጎዎቹ ሁለት ቀርተዋል፤
በአንደኛው ላይ የመኪና ጎማ ተሰቅሏል።

ያ መሐንዲስ ቢነሣ ደስ ባለው፦
እምቦጭ መጥቶ አራተኛውን አጥር ሠራለት፣
አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ጀልባ የማያልፍበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሪዬን ሰብስቤ እገባለሁ፤
የአባቴ ስም ትእዛዝ ነው፣
እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ እነቅላለሁ፤
አንድ ታንኳ የሚያሳልፍ ክፍተት ሲሆንልኝ
እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እስከ ቅዳሜ ይዘጋል።